«ወላጅ አምጣ» የሚባለው የወታደር ልጅ

(በአብነት አካባቢ የሚገኝ መስጂድ ኢማም በሬዲዮ ዝግጅት ላይ ያቀረቡት ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲያመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ጎረቤት መብት ተጨዋውተን ነበር። ዛሬ ደግሞ በአላህ ፈቃድ ከዚያው ከጎረቤታችን ቤት ወጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዞ በበራችን ስለሚያልፍ አንድ ልጅ እናወራለን። ይህ ልጅ የወታደር ልጅ ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን አንዲት የተለመደች ቃል አለች። ልጅ ሲያረፍድ፣ ከጓደኛው ሲጣላ፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር መምህሩ «ነገ ወላጅ አምጣ!» ይለዋል። ከእኛ መካከል ይህችን ቃል ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? እንዲያውም ከመንገድ ላይ አጎት ለምነን ይዘን የሄድንም አንጠፋም፤ አላህ ይማረን። ቃሏ ለአብዛኛው ልጅ የአንድ ምሽት ጭንቀት ናት። ማታ ይነገራል፣ ትንሽ ይቆጣሉ፣ ጠዋት አባት ወይም እናት ይሄዳል፣ ነገሩም ያልቃል።

አባቱ ግዳጅ ላይ ያለ ልጅስ? እናቱ ከንጋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። የአንድ ቀን ሥራ ብትቀር የዚያን ቀን ገቢ ታጣለች። ልጁ «አባቴ የለም» ይላል። «የት ሄደ?» ይባላል። መልሱን በአርባና በሃምሳ ልጆች ፊት ይናገር? ወይስ ይዋሽ? ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አያደርግም። በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ግን አይደርስም፤ ሰባተኛና መርካቶ ሲዞር ይውላል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንዲህ ሲያደርግ ከቆየ በኋላ መዝገቡ ላይ «የሚቀር ተማሪ» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ የጀመረው ግን አርፍዶ በመምጣቱ ነበር።

የሌላውን ጥፋት ከማውራቴ በፊት የራሴን ልናገር።

በ2016 ዓ.ም. በመድረሳችን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች እያስቀራሁ ሳለ የአንድ ልጅ ስልክ ጮኸ። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ተቀብዬው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና «እስከ ጁሙዓ አታገኘውም» አልኩት። ልጁ አለቀሰ። ለስልክ የሚለቀስ ዓይነት ለቅሶ አልነበረም። እኔ ግን ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው ብዬ ጭራሽ ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን እናቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ኡስታዝ፣ ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። አባትየው ሶማሊያ ግዳጅ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲያገኝ ነው የሚደውለው፤ መቼ እንደሚያገኝ ደግሞ ራሱም አያውቅም። እርሷ በምትሠራበት ቦታ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ የቤቱ ስልክ ከልጁ ጋር ይውላል። ቁም ሳጥኑን ከፈትነው። ባትሪው አልቋል። ቻርጅ ላይ ሰክተን ሲበራ፣ ከማናውቀው የውጭ አገር ቁጥር ተደውሎ እንደነበር የሚገልጽ መልእክት አገኘን።

ከዚያ በኋላ አባትየው እስኪደውል አርባ ቀን ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። እነዚያን ቀናት ልጁ መድረሳ አልመጣም። እኔም ሱብሒ ሰግጄ ተመልሼ መተኛት አልቻልኩም። እቤታቸው ሄጄ ልጁን ዐውፍ በለኝ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለኝ፤ ልጅ ለኡስታዙ ሌላ ምን ሊል ይችላል? የስልኩ ሕግ ዛሬም መልካም ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥፋቴ፣ ይህን ያህል የሚያለቅሰው ለምን እንደሆነ አንዲት ጥያቄ አለመጠየቄ ነበር።

እንግዲህ የምንኖረው አብነት ነው። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ከእኛ ሰፈር አጭር የታክሲ መንገድ ነው። የቆሰለ ወታደር እዚያ ሲገባ ቤተሰቡ ከሐረር፣ ከአዋሽ አርባ፣ ከጎዴ ይመጣና በየሰፈራችን አንዲት ክፍል ይከራያል። ሌላው ደግሞ አባትየው ወደ ግዳጅ ሲሄድ ካምፕ ከመቀመጥ ብሎ ዘመድ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ሲመጡ መስከረም ይሁን ጥር፣ የዓመቱ ትምህርት ይጋመስ አይጋመስ የሚመርጡት አይደለም። በክፍላችን በኋላኛው ወንበር ዝም ብሎ የተቀመጠው አዲስ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ የእኛ ታሪክ ስለ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምን ይላል? እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ሰው ላንሣ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ወደ አገራችን የተሰደዱት ሶሐቦች አፈ ጉባኤ ነበሩ። በነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና የተመለሰው በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው፤ ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ የተሰዉት ደግሞ በ8ኛው። አስቡት፤ ልጆቹ ከተወለዱበት አገር ነቅለው አዲስ ከተማ ገብተው ገና በቅጡ ሳይላመዱ አባታቸው ዘመተ፣ አልተመለሰምም። ዛሬ በየትምህርት ቤታችን «አዲስ ገቢ» ከምንለው ልጅ በምን ይለያሉ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉትን በዝርዝር ተመልከቱ። እናትየዋን አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) አላስጠሩም፤ ራሳቸው እቤቷ ሄዱ። ልጆቹን አምጪልኝ ብለው አቀፏቸው፣ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ለሐዘንተኛው ቤት ጎረቤት ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ተመልሰው መጡና ፀጉር የሚላጭ ሰው አስጠርተው የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ተናገሩ፤ ሙሐመድ የተባለው አያቱን አቡ ጣሊብን እንደሚመስል፣ ዐብደላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እርሳቸውን ራሳቸውን እንደሚመስል። እናትየዋ ስለ ልጆቹ የቲምነት ስታነሣ እኔ አለሁላቸው አሏት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፀጉሩ ነው። በዚያ ትልቅ ሐዘን መካከል የልጆች ፀጉር ማደጉን ማን ያስተውላል? አባት ያስተውላል። እርሳቸውም ያደረጉት የአባትን ሥራ ነው።

መምህር ይህን ሁሉ ያድርግ አልልም። በአንድ ክፍል ሃምሳ ልጅ ለያዘ መምህር እንዲህ ያለ ሸክም መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ጥቂት ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹም ገንዘብ አይጠይቁም።

ከምዝገባው እንጀምር። የምዝገባ ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» የምትል መስመር አለች። አንዳንድ መምህር ይህችን መስመር የሚሞላው ክፍል ውስጥ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሣ ነው። ይህ ነገር እኔን ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደርግ በወደቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እማርበት በነበረው ትምህርት ቤት ከአሥመራ የመጣ አንድ ልጅ ተመደበ። የተወለደውም ያደገውም ቃኘው ካምፕ ነው። በዚያን ጊዜ ከኤርትራ የተፈናቀሉ የወታደር ቤተሰቦች በአዲስ አበባ በየመጠለያው ነበሩ፤ የተበተነው ሠራዊት አባላትም በየመንገዱ ሲለምኑ እናያቸው ነበር። ልጁ ካርዱ አሥመራ ስለቀረ ካርድ የለውም። ስለዚህ ከሚገባው ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ከእኛ ጋር ገባ። ከሁላችንም ይረዝማል። መምህሩ የአባት ሥራ እያለ ሲጠይቅ ተራው ደረሰና «ወታደር» አለ። አንዱ ከኋላ «የደርግ!» ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ እስከ ገና በዓል ድረስ ቆየ፣ ከዚያ ቀረ። የት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም። ስሙን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ በሬዲዮ ግን አልጠራውም።

ይህ ልጅ የጎደለው ምን ነበር? አንድ ወረቀት። ሒሳብ ብትጠይቀው ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ለግማሽ ሰዓት ፈትኖ በሚመጥነው ክፍል ማስገባት ይቻል ነበር። ወረቀቱ ይምጣ፣ ልጁ ግን ወረቀቱ እስኪመጣ እየተማረ ይጠብቅ። በዚህ ረገድ ሌሎች አገሮች የሠሩትን ማየት ነውር የለውም። አሜሪካኖች ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክፍለ ግዛቶቻቸው መካከል ስለ ወታደር ልጆች ትምህርት አንድ ስምምነት አላቸው፤ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ተቀብለውታል። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የተዛወረ የወታደር ልጅ ዋናው ማስረጃ ባይደርስም በእጁ ባለው ወረቀት ይመዘገባል። የጎደለ ክትባት ካለው ሠላሳ ቀን ይሰጠዋል። አባቱ ወይም እናቱ ወደ ግዳጅ ሲሄዱና በፈቃድ ሲመጡ ከክፍል ቢቀር በፈቃድ እንደቀረ ሊቆጠርለት ይችላል። እንግሊዞች ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የወታደር ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ የተወሰነ ገንዘብ መድበዋል። የእንግሊዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይቆየን። የአሜሪካኖቹ ግን አንድ ርዕሰ መምህር በገዛ ቢሮው ሊወስነው የሚችል ነገር ነው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቋንቋ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተደርጓል። ለብዙው ልጅ መልካም ሆኗል። የወታደር ልጅ ግን አባቱ በተዛወረ ቁጥር የትምህርት ቋንቋውም ሊለወጥበት ይችላል። አንደኛና ሁለተኛን በሶማሊኛ ጅግጅጋ፣ ሦስተኛን በኦሮምኛ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ አራተኛን በአማርኛ ልደታ የተማረ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ማካፈል ያውቃል። የማያውቀው ጥያቄው ላይ የተጻፈውን «አካፍል» የሚለውን ቃል ነው። ዜሮ ሲያገኝ ግን ዜሮው ለሒሳቡ ይመዘገባል። እንዲህ ያለውን ልጅ የተማረበትን ቋንቋ በሚያውቅ መምህር ማስፈተን ይገባል። አጠገቡም ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ልጅ ማስቀመጥ ነው። በእኛ ሰፈር፣ መርካቶ ጥግ፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ጠፋ የሚል ሰው ካለ ሰፈሩን አያውቀውም።

እዚህ ላይ ስለ መድረሳ አንድ ነገር ልበል። አሊፍ ጅግጅጋም አሊፍ ናት፣ ሐረርም አሊፍ ናት፣ አብነትም ስትመጣ ያችው አሊፍ ናት። ክፍል ውስጥ አንድ መስመር አማርኛ ማንበብ አቅቶት የሚሳቅበት ልጅ እኛ ዘንድ መጥቶ አንድ ጁዝእ በቃሉ ሲያወርድ አይቻለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የክፍል ጓደኞቹ፣ ግማሾቹ እኛው ዘንድ የሚቀሩ ናቸውና፣ በሌላ ዐይን ያዩት ጀመር። ይህን ለመምህሩ ነገርኩት። መምህሩ ሙስሊም አይደለም። «ይህን ያህል የሚይዝ ጭንቅላት ካለውማ ችግሩ እኔ ጋ ነው» አለኝና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ፊደል ያስቆጥረው ጀመር። የመድረሳው ኡስታዝና የትምህርት ቤቱ መምህር አንድን ልጅ እያስተማሩ ሳይተዋወቁ ዓመቱ ያልቃል። ይህ የእኛም ስንፍና ነው።

(በነገራችን ላይ አንድ ጊዜ ክፍለ ሀገር ሄጄ ለአንድ ሽማግሌ «አብነት ነው የማስተምረው» ብላቸው የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት መስሏቸው «ዜማ ነው ቅኔ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥምጣሜንም አይተው የደብተራ መስሏቸው ይሆናል። ሰፈራችን ስሙ ከባድ ነው።)

አንዳንድ ወንድሞች «እነዚህን ልጆች ለብቻ ሰብስቦ አዳሪ ትምህርት ቤት ማስገባት አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ይህ በአገራችን ተሞክሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደርግ በኦጋዴንና በሰሜን የሞቱ ወታደሮችን ልጆች ለማሳደግ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቁሞ ነበር። ዛሬ በስፍራው የግብርና ኮሌጅ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ልጆች ደግሞ ኩባ ድረስ ተልከው በወጣቶች ደሴት ተማሩ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው በትግላችን ሐውልት በኩል ሳልፍ፣ የኩባና የኢትዮጵያ ወታደሮች መታሰቢያ ነውና፣ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል። ከአምባው የወጡ ሰዎች ዛሬም በፍቅር ያነሡታል። ጠግበው በልተዋል፣ ተምረዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ልጁ አባቱን ካጣ በኋላ እናቱንና ሰፈሩንም ተለየ። በዚያ ዘመን ለሃይማኖት ትምህርት ቦታ ስላልነበረ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ከወላጆቹ እምነት ርቆ አደገ። ከዚያም መንግሥቱ በ1983 ሲወድቅ «ልጆቻችሁ የእኔ ናቸው» ያላቸው አባት አብሮ ወደቀ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ እናት ካለች ልጁ ከእናቱ ጋር፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማር። መንግሥትም እኛም መርዳት ከፈለግን ርዳታውን እዚያው እናድርስለት። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባና የዩኒፎርም አቅርቦት የማንም ልጅ ማን መሆኑ ሳይጠየቅ ለሁሉም እኩል መድረሱ ለወታደሩ ልጅ ትልቅ ሸክም አቅልሎለታል።

ዑመር (ረ.ዐ) ዲዋን የተባለውን መዝገብ ሲያቋቁሙ ለዘማቾችና ለቤተሰቦቻቸው ድርሻ የሚሰጥበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ለሕፃን ድርሻ የሚቆረጥለት ጡት ከጣለ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ሲዘዋወሩ አንድ ሕፃን አላባራ ብሎ ሲያለቅስ ሰሙ። ቢጠይቁ እናትየዋ ድርሻው ቶሎ እንዲደርሰው ብላ ጡት እያስጣለችው ነው። ጠዋት ሕጉን ለወጡት፤ ድርሻው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሆነ። መልካም ታስቦ የወጣ ሕግ አንዱን ሕፃን እየጎዳ መሆኑን ያወቁት ለቅሶውን ሰምተው ስላላለፉ ነው። እኔ ደግሞ ቁም ሳጥኔን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከተለ። እዚህ ማይክሮፎን ፊት የፖለቲካ ፍርድ ልሰጥ አልመጣሁም። የማውቀው ነገር ግን አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ አባቱ በመከላከያ ያለ ልጅና አጎቱ ወይም ወንድሙ በሌላ ወገን ያለ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠዋል። ሁለቱም ማታ ማታ የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን ሹክሹክታ ይሰማሉ። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ስለ ዜናው የሚጥላት አንዲት ቃል፣ «እነዚህማ…» ብሎ የሚጀምራት፣ ከሁለቱ አንዱን ታቆስላለች። ማንም በሌላው ሥራ እንደማይጠየቅ ሃይማኖታችን አስተምሮናል፤ አገልጋዩን ካልሆነ የአገልጋዩን ልጅ አይደለም። ልጅ የማንም ጦር አባል አይደለም። ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ሲከበርም እንዲሁ ነው። የወታደር ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ አባቱ እንዲናገር ከመጠየቁ በፊት እርሱና እናቱ ይፈልጉ እንደሆነ በጓዳ ይጠየቁ። አንዱ ይኮራበታል፤ ሌላው በዚያው ቀን ቤቱ ገብቶ ሲያለቅስ ያድራል።

ከሁሉ የከበደው የጠፋው አባት ነገር ነው። የሞተ ሰው መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል። የጠፋው ግን መርዶ የለው፣ ደብዳቤ የለው። በፊቅህ «መፍቁድ» ይባላል። ሞቱ እስኪረጋገጥ ወይም ቃዲ እስኪወስን ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፤ ስንት ጊዜ ይጠበቅ በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል ይላል። እናትየዋ ግን ፍርድ ቤት አትሄድም። ለምን? ከሄደች ሞቷል ያለች ይመስላታል። በዚህ የተነሣ ልጁ የቲም ተብሎ አይመዘገብ፣ አባት አለው ተብሎ አይታለፍ። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ አልባዎች ደብተር ሲያድል «የሞት ማስረጃ» ሲጠየቅ እጁን ይዞ ይመለሳል። አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ አባቴ እንዲሞት እየጸለይኩ ነው የሚመስለው» ብሎኛል። ወሏሂ ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም ነበር። የምንጠይቀው ቀላል ነው፤ ማስረጃ በሌለበት የወላጅ መምህር ኅብረቱና የሰፈሩ ሽማግሌ ምስክርነት ይበቃ። በመስጂዳችንም ለጠፋው ወታደር ዱዓ ስናደርግ ሞተ አንልም፣ መጣም አንልም፤ አላህ ያለበትን ያውቃል እንላለን። ልጁም አሚን ይላል።

የራሳችንንም ጉድ ልናገር። ሙስሊሞች በከፈትናቸው የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ወር ሲገባ «ያልከፈላችሁ ተነሡ» የሚባልበት አለ። የወታደር ደመወዝ በውክልና ነው ለሚስት የሚደርሰው። ውክልናው ጊዜው ሲያልፍ ወይም ባለቤቱ ግዳጅ ላይ ሆኖ ወረቀት መፈረም ሲያቅተው ገንዘቡ ይዘገያል። የዘገየው ገንዘብ ነው፤ የሚነሣው ግን ልጁ ነው። የክፍያ ጉዳይ ከወላጅ ጋር በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ። የወታደር ልጅ ሁሉ ተረጂ አይደለም። ደመወዝተኛ አባት ያለውን ልጅ ለዘካ ሰልፍ ማስያዝ ክብሩን መንካት ነው። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሁኔታውን የሚያውቅለት አንድ ሰው ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ ወይም ዩኒት ሊደሩ፣ የእነዚህን ልጆች ስም በልቡ ይያዝ። የእናትየዋ ስልክ ቁጥር ከእርሱ ጋር ይሁን፣ የአክስት ወይም የአያት ፊርማ እንደ ወላጅ ፊርማ ይቆጠር፣ አባት ሲደውል ልጁ ከክፍል ወጥቶ ያናግር። እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሆዴን ያመኛል የሚል፣ በትንሽ ነገር ቡጢ የሚያነሣ፣ ወይም ደግሞ ከዕድሜው በላይ ጨዋ የሆነ ልጅ ሲታይ ይህ ሰው «ቤት እንዴት ነው?» ይበለው። ከዕድሜው በላይ ጨዋ የሆነውን በተለይ አደራ፤ ያ ልጅ ቤት ውስጥ አባት ሆኖ ነው የሚያድረው።

አባት ሲመለስስ? ችግሩ አለቀ እንላለን። አላለቀም። የቤቱን ቁልፍ ይዞ የኖረው ልጅ ቁልፉን ማስረከብ ይከብደዋል። አባትየውም የሄደው ሰው ሆኖ አይመለስም። በር ሲጋጭ ይደነግጣል፣ ሌሊት ይነሣል፣ ቁጣው ይቀርባል። በዚያ ሰሞን የልጁ ውጤት ቢወርድ መምህሩ «አባትህ መጥቶልህ ደግሞ ምን ሆንክ?» አይበለው።

ያንን የስልኩን ልጅ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። አባቱ በ2017 ዓ.ም. እግሩ ላይ ቆስሎ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ገባ። ሄጄ ጠየቅሁት። የስልኩን ነገር ራሴ አነሣሁበት፤ ልጁ አልነገረውም ነበር። ሳቀና «ኡስታዝ፣ እኔም ብሆን እቆልፍበት ነበር» አለኝ። ልቤ ግን አላረፈም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ ልጁ ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መስጂዱ ግቢ ገባ። ፊቱ በርቷል።

«ኡስታዝ! ወላጅ አምጣ ተባልኩ!»

«ምን አጥፍተህ?»

«መስኮት ሰብሬ!»

እንዲህ በደስታ ጥፋቱን የሚናገር ልጅ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት አባትየው ከሆስፒታል አስፈቅዶ በሁለት ክራንች መጣ። ከታክሲ ወርደው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ በመስጂዳችን በር ነበር ያለፉት። ልጁ የአባቱን ጃኬት ተሸክሞ፣ እንዳይቀድመው እርምጃውን እያሳጠረ፣ ያገኘውን የክፍል ጓደኛ ሁሉ «አባቴ ነው» ይል ነበር። ዩኒት ሊደሩ ደረጃ እንዳይወጣ ብሎ ወንበር ወደ ግቢው አውጥቶ ጠበቀው። ሻይም አስመጣ አሉ። አባትየው የመስኮቱን ዋጋ ከፈለ፤ ልጁም አባቱን እስከ በሩ ሸኝቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።